የ2008ቱ ዶም ፔሪኞን

ዛሬ የተከፈተው እ.ኤ.አ. የ2008 ዶም ፔሪኞን ነበር። ይህ ሻምፓኝ የሚሠራው ከአንድ ዓመት ምርት ብቻ ነው፤ ፍሬው ያላማረበት ዓመት ይዘለላል። የሚጠመቀው ሻርዶኔና ፒኖ ኗር ከሚባሉ ሁለት የወይን ፍሬ ዓይነቶች ነው። ፒኖ ኗር ቆዳው ጥቁር ስለሆነ በቀስታ ካልተጨመቀ ጭማቂው ቀይ ቀለም ይይዛል።

ዋናው ሥራ ያለው ጠርሙሱ ውስጥ ነው። በሊትር 24 ግራም ገደማ ስኳርና እርሾ ተጨምሮ ይታሸጋል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ እስከ 6 ባር የሚደርስ ግፊት ይፈጠራል። የሻምፓኝ ሕግ ለቪንቴጅ (ከአንድ ዓመት ምርት ብቻ ለሚሠራ) 3 ዓመት ይበቃል ይላል፤ ዶም ፔሪኞን ግን ከሞተው እርሾ ጋር 8 ዓመት ገደማ ይከርማል። ያ የተጠበሰ ዳቦ ጣዕም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በመጨረሻ ጠርሙሱ ይደፋል፣ ዝቃጩ አንገቱ ላይ ይሰበሰባል፣ በረዶ ሆኖም ተፈናጥሮ ይወጣል።

2008 ቀዝቃዛ ዓመት ስለነበር ኮምጣጣነቱ ጠንካራ ነው፤ ገበያ የወጣውም ከ2009ኙ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሎሚና ነጭ ኮክ፣ ቆይቶ ቀጭን የጭስ ሽታ። ድንቅ ነው!

ደግሞ እባካችሁ ከመጠን በላይ አታቀዝቅዙት፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሽታው ይደበቃል። ሲከፈት ቡሹን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ጠርሙሱን አዙሩት። ብርሃን ላይም አታስቀምጡት፣ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል።