የትራንስፖርት ችግር

የሒሳብ ክፍል ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የዝውውር ማመልከቻ አገኘሁ። ያመለከተችው ገንዘብ ያዣችን ናት። ቃሊቲ ወዳለው ቅርንጫፍ ልዛወር ትላለች። ምክንያት፦ «የትራንስፖርት ችግር»።

ልጅቷ የምትኖረው ከቢሯችን ጀርባ ነው። ምሳዋን እንኳ ቤቷ በልታ ነው የምትመለሰው። ቃሊቲ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ያስፈልጋታል።

ነገሩ የገባኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አብረን ቡና እንጠጣለን። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ካላሳቀን አይውልም። ስለ ቀሚሷ፣ ስለ አካሄዷ፣ ማን እንደሚያገባት አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። እኛ እንስቃለን። እኔም እስቅ ነበር፤ ያውም ጮክ ብዬ። ቡና ላይ መምጣት ካቆመች ሁለት ወር ሆኗታል። እኔ ግን «ታታሪ ልጅ ናት» እያልኩ አደንቃት ነበር።

ከዚያ ደግሞ የባሰ ስህተት ሠራሁ። ሁለቱን ቢሮዬ ጠርቼ ላስታርቅ ተነሣሁ። በቃ፣ እንደ ለመድነው። ሰውዬው «እንደ ታናሽ እህቴ እኮ ነው የማያት» አለ፣ እየሳቀ። ቀና ብላም አላየችው። ወደ እኔ ዞራ፣

«ያልተጣላሁትን ሰው ምን ብዬ ልታረቀው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው። ሽምግልና ለተጣሉ ሰዎች ነው። እዚህ ግን አንዱ ይናገራል፣ ሌላዋ ትሸሻለች። ይባስ ብዬ ከምትሸሸው ሰው ጋር በር ዘግቼ አስቀመጥኳት።

በዚያ ሳምንት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ። ኃላፊ ሆኜ ሁለት ዓመት ሙሉ አላነበብኩትም ማለት ነው! ወሲባዊ ትንኮሳ በንግግርም በምልክትም ሊፈጸም እንደሚችል ይላል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ከፈጸመባት፣ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቃ መሄድ ትችላለች። ከስንብት ክፍያው ሌላ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳም አላት። የእኛ የቡና ላይ ቀልድ እዚያ ድረስ ይደርሳል ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ አይደርስም ማለትም ይቻላል። እኔን ያሳፈረኝ ግን ልጅቷ ሕግ እስኪጣስ አልጠበቀችም። ቢሮውን ጥላ ልትሄድ ነው።

ሰውዬውን ለብቻው ጠርቼ፣ ማቆም እንዳለበት ነግሬው በጽሑፍም ሰጠሁት። «ለቀልድ?» አለ። «እኔም ስስቅ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ከዛሬ በኋላ ግን የለም» አልኩት። አኮረፈ፤ ለወር ያህል ሰላምታ ነሣኝ። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅደን አቤቱታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች መረጥን፤ አንዷ ከሌላ ክፍል የመጣች ሴት ናት። አቤት የሚል ሰው በቅርብ አለቃው በኩል ማለፍ የለበትም። አለቃው ሲስቅ የከረመ ሊሆን ይችላላ! መዛወር ካስፈለገም የሚነሣው አቤቱታ የቀረበበት እንዲሆን ተስማማን።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። አመስግናኝ ዝውውሩን እንድፈርምላት ጠየቀችኝ። ፈረምኩ።

ባለፈው ቡና ላይ አንዱ ሾፌራችን ስለ አዲሷ ጸሐፊ አንድ ነገር ጀመረና ፊቴን አየኝ። ወሬውን ወደ ኳስ አዞረው።