እንጨቱ እርጥብ ነው

«አንተ ልጅ፣ መጋዝ ነው የምታስተካክለው ወይስ ሰዓት?» አሉኝ ጋሼ።

ባለ ክንዱን መጋዝ፣ ያንን ሞተሩና ዲስኩ ከላይ ክንድ ላይ ተንጠልጥለው ወደ ሰው የሚሳቡትን፣ ለአግድም ቁርጥ እያዘጋጀሁ ነበር። ሶኬቱን ነቅያለሁ። ትልቁን እስኳድራ፣ የማዕዘን መለኪያውን፣ እንጨት የሚደገፍበት መደገፊያ ላይ አስጠግቼ ሞተሩን ቀስ አድርጌ ወደ ራሴ እስባለሁ። አንዷ ጥርስ እስኳድራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰች መሄድ አለባት። የኔዋ ግን መጀመሪያ ትነካለች፣ መጨረሻ ላይ ትለቃለች። ክንዱን ላላ፣ ነካ፣ ጠበቅ። እንደገና። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚያ ሰፊ ጣውላ ቆረጥኩ። አንዱን ቁራጭ ገልብጬ ከሌላው ጋር ገጠምኩት። ስህተት ካለ ሲገለበጥ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ፀጉር አያስገባም! ደረቴን ነፋሁ።

ዲስኩ ግን አላማረኝም። ጥርሶቹ ወደፊት ያጎነበሱ፣ እንጨት በቁመቱ የመሰንጠቂያ ናቸው። ይሄ መጋዝ ሲሳብ ዲስኩ ራሱ እንጨቱን እየቧጠጠ ወደ ሰውየው ይመጣል። ያጎነበሰ ጥርስ ሲሆን ይብስበታል። ቀጥ ያለ ጥርስ ነው የሚፈልገው፤ ወደ ኋላ 5 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ደግሞ እሰየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ዲስክ ቢቀየር?»

«ጥርስ ጥርስ ነው። ዞር በል እስቲ።»

ዞር አልኩ። ወፍራም እንጨት አስደገፉና እጀታውን ያዙ። ክርናቸው ታጥፏል። የሳቢው ክንድ ቀጥ ብሎ ካልጠነከረ መጋዙን የሚያስቆመው ነገር የለም፤ ይህን ግን ለጋሼ ማን ይነግራል? ሳቡት። ሞተሩ ጮኸ፣ እንጨቱ ላይ ወጣ፣ ወደ ደረታቸው ተወረወረ፣ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ቆመ። ብሬከሩም ወደቀ። ግራ እጃቸው ከዲስኩ መንገድ ስንዝር እንኳ አይርቅም ነበር።

ጸጥ አለ። ጋሼ ጎንበስ ብለው እንጨቱን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

«እርጥብ ነው» አሉ።

እርጥብ! ሁለት ዓመት መጋዘን የከረመ እንጨት! እኔም ምን አልኩ? «ይሆናል ጋሼ።» እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄው መልሴ ነው።

በነጋታው ስገባ ዲስኩ ተቀይሯል። ማን እንደቀየረው የተናገረ የለም፣ የጠየቀም የለም።

በዚያው ሳምንት የበር መቃን ልገጥም ስል ማዕዘኑ እምቢ አለ። ያ ፀጉር የማያስገባው ቁርጥ! እስኳድራውን አመጣሁ፣ የመጋዙን ክንድ ፈታሁ፣ አጠበቅሁ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ክንዱ ምንም አልሆነም። መደገፊያው ሥር የተጠራቀመ ሰጋቱራ እንጨቱን ገፍቶት ሳለ ቆርጬ ኖሯል። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በፊት ጠረግ ማድረግ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ ሌሎቹን በየቀኑ የምቆጣበትም ነገር እሱ ነበር።

ጋሼ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተዋል። ብሩሹን አነሱና አቀበሉኝ።

«እንጨቱ እርጥብ ይሆናል» አሉ።