ጋሼ፣ ቁልፉ ዞሯል?

ሦስት ሳምንት አለፈው፤ አሁንም ሌሊት ያባንነኛል።

ኦሃዮ ውስጥ ጭነት እየጠበቅኩ ነበር። የተሳቢውን ጎማ በራሱ የሚነፋውን ሲስተም ልፈትሽ ብዬ ታኮ አደረግሁ። ፉጨቱ እንዲሰማኝ ሞተር አጠፋሁ። ታች ሆኜ ሰው መኪናውን እንዳያንቀሳቅሰው ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ሥርዓት ነው! ቁልፉ ላይ ልጄ «አባ እንዳትጥለው» ብላ ያሰረችው ቃጭል አለ።

የአንዱን ጎማ ቱቦ ፈታሁ። አየሩ ይጮሃል፤ በግራ መስታወት የምትታየው መብራት ግን ዝም። አየር እየሄደ መብራቷ ካልበራች ጣጣው የሽቦ ነው። የሽቦ ከሆነ ደግሞ ሹፌሩ ሁሉ የሚደውለው ለኔ ነው።

ከትራክተሩ፣ ማለትም ከፊት ከሚጎትተው መኪና፣ የሚመጣውን ባለ ሰባት ፒን ገመድ ነቀልኩ። ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ ለሚያደርገው ኤቢኤስም ለዚህችም መብራት 12 ቮልት የሚያመጣው መሃለኛው፣ ሰማያዊው ነው። የመልቲሜትሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ቀይ ጫፍ መሃል፣ ጥቁሩን የነጩ ሽቦ (የግራውንዱ፣ የመመለሻው) ፒን ላይ፦ ዜሮ። ቅጭል። ግራውንዱ ዝጎ ይሆናል ብዬ ጥቁሩን ሻሲው ላይ፦ ዜሮ። ቅጭል። ፊውዙ ደህና። ቅጭል። ባጎነበስኩ ቁጥር ቅዳሴ ያረፈደበት ዲያቆን መሰልኩ፤ አጠገቤ የቆሙት ሹፌሮች ሊሰግዱ ምንም አልቀራቸው።

ገመዱ ጫፍ ላይ ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ ከተሳቢው ሳይሆን ከፊት ነው። ከካቢኑ ጀርባ ስፈልግ ሰማያዊው ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልሎ አገኘሁት። እናንተ ናስትሮ የምትጠቀልሉ ሰዎች፣ ምን በደልናችሁ? ናስትሮ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነውን የክረምቱን ጨው ውሃ ያስገባል እንጂ አያስወጣም፤ መዳቡ ውስጥ ውስጡን አረንጓዴ ሆኖ ይበሰብሳል። በሙቀት የሚኮማተረው ሽፋን ከአንድ ሳንድዊች ይወደዳል? አገኘሁት ብዬ ቆረጥኩ፣ ላጥኩ፣ በማያያዣ ጨምቄ ሽፋኑን አሞቅኩበት። ለካሁ። ዜሮ። ቅጭል።

ሦስት ሰዓት ሞላኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ቡናውን ይዞ መጣ፤ ቆሞ አየኝ፤ አንገቴን አየ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቁልፉ ዞሯል?»

ሰማያዊው ኃይል የሚያገኘው ቁልፉ ሲዞር ብቻ ነው። ይህን ለስንቱ በስልክ አስተምሬያለሁ! ገብቼ አዞርኩት፦ 12.4። ገመዱን መልሼ ሰክቼ፣ ያለቀው አየር እንዲሞላ ሞተሩን ባስነሳው ያቺ መብራት ቦግ አለች። ልጁ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «አይዞዎት፣ ያጋጥማል» ብሎኝ ሄደ።

ቃጭሉን እዚያው ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ማታ ቁልፉ ሲጠፋብኝ ማን እንዳገኘልኝ ግን አልነግራችሁም።