ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ የሚያድገው ወራሪ

ዛሬ የዋልኩት ወራሪ የወንዝ አልጌን መቆጣጠሪያ ዘዴ ከሚፈልግ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ነው። ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ብዙ ትዕግስት። በጣም አከበርኳቸው።

አልጌው፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚያድገው ደቃቅ ሕያው ነገር፣ ዲዲሞ ይባላል። አንዷ ሕዋስ ለብቻዋ በዓይን አትታይም። ሲራባ ግን የወንዙን ድንጋይ እንደ እርጥብ ሱፍ ይሸፍነዋል፤ እዚያ የሚኖሩት ነፍሳት ኑሯቸው ይናጋል።

የገረመኝ ነገር፣ ቆሻሻ ውሃ አይደለም የሚመቸው። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ፣ ፎስፈረስ (አልጌ የሚመገበው ንጥረ ነገር) እጅግ ያነሰበት ወንዝ ነው። ፎስፈረስ ሲያጥረው ድንጋዩን የሚይዝበትን ዘንግ ያረዝማል። ያ ወፍራም ምንጣፍ በአብዛኛው ዘንግ ነው! ስለዚህ ብክለትን መቀነስ ብቻውን አያጠፋውም።

ኒውዚላንድ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. ከተገኘ ወዲህ ትልቁ ጥረት ወደ ሌላ ወንዝ እንዳይሻገር መከላከል ሆኗል። አንዲት ጠብታ ውሃ ልታዛምተው ትችላለች። ዓሣ የምታጠምዱ፣ ጀልባ የምትቀዝፉ፣ እባካችሁ ቦቲና መረባችሁን እጠቡ። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላም ወደ ሌላ ወንዝ ከመውሰዳችሁ በፊት 48 ሰዓት ጨምሩበት።

እነዚህ ልጆች አሁን የያዙት ጥያቄ ከባዱ ነው፦ ነፍሳቱንና ዓሣውን ሳይነኩ አልጌውን ብቻ እንዴት ማዳከም ይቻላል? መልሱን እስኪያገኙ ከጎናቸው ነኝ።