ገና በደሴ፣ ስልክ ከፊሊፒንስ

ዛሬ ገናን ደሴ እናቴ ቤት ዋልን። ዶሮው ተበልቶ ቡና ሲፈላ የእህቴ ልጅ ከፊሊፒንስ በቪዲዮ ደወለ።

ተወልዶ ያደገው አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ነው። አሁን ሞርሞን የሚባለው፣ አሜሪካ የተመሠረተ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረ ይሰብካል። ወንዶቹ ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ይወጣሉ፤ አገልግሎቱ 2 ዓመት ነው፤ ደሞዝ የለውም። ድሮ ወደ ቤት የሚደውሉት በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በየሳምንቱ ተፈቅዶላቸዋል። ለእህቴ ትልቅ እፎይታ ነው።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። መጀመሪያ ስትሰማ ከፍቷት ነበር፣ አልዋሽም። ዛሬ ግን ቀድማ የጠየቀችው "ምን በላህ ልጄ?" ብላ ነው። የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16 አልፏል። ከቤተሰቡ ርቆ ያሳለፈው የመጀመሪያው ገና ነው። ከብዶት እንደነበር ድምፁ ያስታውቃል። ብዙ ሰው በር እንደማይከፍትላቸውም ነገረን።

ሙስሊሟ ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ ስልኩን ተቀበሉ። "አብሽር ልጄ! አላህ በሰላም ለእናትህ ያብቃህ" ብለው መረቁት። ልጁ አማርኛው ባይሞላለትም "አሜን" አለ። እኔ ይሄን ሳይ ወሎ በመወለዴ ደስ አለኝ። በአንድ ቤት ሦስት እምነት፣ የሁሉም ጭንቀት ግን አንድ ልጅ።

ሲጨርስ ደሴ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል። ሞርሞኖች ቡና ስለማይጠጡ እናቴ ከወዲሁ ምን እንደምታቀርብለት እያሰበች ነው።