የቪትዜን ሪኮል በሻሲ ቁጥር እንዴት እንደፈለግኩና እንዳስጨረስኩ

ከጃፓን ወይም በዱባይ ዞሮ የመጣ ቪትዝ የያዘ ሰው ከቶዮታ የሪኮል፣ ማለትም ጉድለት የተገኘበትን መኪና ለጥገና የመጥራት፣ ደብዳቤ አይደርሰውም። ደብዳቤው የሚላከው መኪናው መጀመሪያ በተመዘገበበት አገር ላለው ባለቤት ነው። ተሽጦ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ የአዲስ አበባ ሰሌዳ ካሰረ በኋላ ማን እንደያዘው ፋብሪካው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ፍለጋው በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለበት ከ2024 ወዲህ አሮጌ ቪትዞች ከገበያ የሚወጡበት ጊዜም እየራቀ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የጀመርኩት ከሊብሬው ነው። ደላላ «ሞዴሏ 2007 ናት፣ አይነካትም» ቢል አትስሙት። ሪኮል የሚለየው በሻሲ ቁጥር ነው፤ በአንድ ወር ከተመረቱ ሁለት ቪትዞች አንዷ ተጠርታ ሌላዋ ላትጠራ ትችላለች። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ 17 አኃዝ ያለው ቁጥር የለውም። የሞዴል መለያው ይቀድማል፣ ከሰረዝ በኋላ ሰባት አኃዝ ይከተላል። ኬኤስፒ90 የ1.0 ሊትር ሞተሩ፣ ኤስሲፒ90 የ1.3ቱ፣ ኤንሲፒ91 የ1.5ቱ ነው። ለአውሮፓ ወይም ለዓረብ አገሮች የተሠራው ያሪስ (ቪትዝ በውጭ ገበያ የሚሸጥበት ስም) ግን 17 ሆሄያት አሉት፤ በጄቲዲ ከጀመረ ጃፓን፣ በቪኤንኬ ከጀመረ ፈረንሳይ የተገጣጠመ ነው። በ17ቱ ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም። ሊብሬው ላይ ኦ የሚመስል ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው፤ ፍለጋው «አልተገኘም» ሲል መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው። የሊብሬውን ቁጥር አካሉ ላይ ከተመታው ጋርም አመሳክሩት። ካልተመሳሰለ ከሪኮል የከበደ ጉዳይ አለባችሁ።

የጃፓኑን ቁጥር በቶዮታ የጃፓን ድረ ገጽ የሪኮል መፈለጊያ ላይ አስገባሁ። ሳጥኑ ሁለት ነው፤ ከሰረዙ በፊት ያለው በመጀመሪያው፣ ሰባቱ አኃዞች በሁለተኛው ይገባሉ። ውጤቱ በጃፓንኛ ስለሚመጣ በስልክ መተርጎሚያ ይነበባል። ዋናው ነገር በእያንዳንዱ ጥሪ ትይዩ «ተሠርቷል» ወይም «አልተሠራም» የሚለው ነው። ገጹን አትሜ ከሊብሬው ጋር አስቀመጥኩት፤ የቶዮታ ወኪል ጋ ስትሄዱ በቃል ከማስረዳት ወረቀቱን መስጠት ይሻላል።

በዚህ ዘመን ቪትዞች ላይ ከሚወጡት ጥሪዎች ከባዱ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ነው። ቶዮታ በሜይ 2015 ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ሲጠራ ከማርች 2003 እስከ ኖቬምበር 2007 የተመረቱ ኮሮላና ቪትዞች ነበሩበት፤ በኋላ ጥሪው ወደ ሌሎች ዓመታት ሰፍቷል። ኤርባጉን የሚነፋው ኢንፍሌተር በሚባለው የብረት ቀፎ ውስጥ ያለው የአሞኒየም ናይትሬት እንክብል ነው። ይህ ነገር እርጥበት ይስባል፣ በተጠሩት ውስጥ ደግሞ እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ አልተጨመረም። ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የተጠቀጠቀው እንክብል ይላላል፤ በግጭት ጊዜ ከተለካለት በላይ ፈጥኖ ይነድና የብረት ቀፎውን ይሰነጥቀዋል። ስብርባሪው በጨርቁ አልፎ ፊትና አንገት ያገኛል። በቪትዝ ላይ በአብዛኛው የሚጠራው ጋቢና ከሚቀመጠው ሰው ፊት ያለው ነው።

«አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ነው፣ እዚህ አይደርስብንም» የሚል ሙግት ብዙ ጊዜ ይነሣል። ደጋነቱ አደጋውን ይቀንሰው ይሆናል። ነገር ግን መኪናው እዚህ ከመድረሱ በፊት የጃፓንን ወበቃማ ክረምቶች ወይም የዱባይን ሙቀት አሳልፏል፤ የላላ እንክብል ተመልሶ አይጠነክርም። ጃፓን ራሷ ከሜይ 2018 ጀምሮ አደገኛ የተባሉትን ያልተጠገኑ የታካታ መኪኖች በመደበኛ ምርመራ አታሳልፍም። እኛ ጋ ቦሎ ማሳደስን የሪኮል ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ አይቻልም።

ፍለጋው «ተሠርቷል» ቢልም ሥራው አያልቅም። ተጋጭታ የተጠገነች ቪትዝ ከሶማሌ ተራ የተፈታ ዳሽቦርድ ከነኤርባጉ ገጥማ ሊሆን ይችላል። የሻሲ ቁጥሩ ንጹሕ ነው፣ የተገጠመው ዕቃ ግን ካልተጠገነ መኪና የወጣ ነው። ዳሽቦርዱ ተፈትቶ እንደሆነ የሚያሳዩ ምልክቶችን ፈልጉ፦ የተላጠ ብሎን፣ ቀለሙ ከበሩ ፕላስቲክ የተለየ ክዳን፣ የተነካካ ቢጫ ሶኬት። ለማረጋገጥ የኤርባጉን መለያ ቁጥር የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ያገለገለ ኤርባግ በምንም ዋጋ አይገዛም።

የኤርባግ መብራቱን መፈተሽ ነጻ ነው። ቁልፉን ወደ «ኦን» አዙሩ፤ መብራቱ በርቶ ከ6 ሰከንድ ገደማ በኋላ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሲስተሙ ብልሽት መዝግቧል። ጭራሽ ካልበራ ይብሳል፤ አምፖሉን ያወጣ ወይም ሽቦውን ከሌላ መብራት ጋር ያገናኘ ሰው ሊኖር ይችላል። በኤርባጉ ፋንታ 2 ኦም የሚሆን ሬዚስተር ሰክቶ መብራቱን የሚያጠፋም አለና ለሽያጭ ከመጣ መኪና ላይ በመብራቱ ብቻ አትፍረዱ።

መብራቱ በርቶ ክላክስም አልሠራ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መሪው ሥር ያለው ስፓይራል ኬብል፣ መሪው እየዞረ የኤርባጉንና የክላክሱን መስመር የሚያገናኘው ጥቅል ገመድ፣ ነው። በኤፕሪል 2014 ቶዮታ ከ6 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ከጠራባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ መሪው በተዞረ ቁጥር ግንኙነቱ ይጎዳና የሹፌሩ ኤርባግ ላይፈነዳ ይችላል። ኮምፒውተር ሲነበብ ቢ1801 የሚል የብልሽት ኮድ ከወጣ የሹፌሩ መስመር ተቋርጧል። ለዚህ ሥራ ከመካኒኩ የምጠይቀው ቁርጥ ያለ ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቶ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቃል። ኤርባጉ ራሱ በመልቲሜትር አይለካም፤ የሜትሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላል። የወጣው ኤርባግ የሚቀመጠው ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ነው። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ አዲሱ ኬብል በእጅ ቀስ ተብሎ ወደ ግራ እስኪከብድ ይዞራል፣ ከዚያ 2.5 ዙር ያህል ወደ ቀኝ ተመልሶ ምልክቶቹ ይገጥማሉ። ይህን የዘለለ ሰው የገጠመው ኬብል መሪው ሙሉ ሲዞር ይበጠሳል።

ወኪሉ ጋ የሄድኩት የታተመውን ውጤትና የሊብሬውን ኮፒ ይዤ ነው። ሪኮል በመርሁ ነጻ ነው፤ ወኪሉ ያልሸጠው መኪና ላይ ግን ክፍያ እንዳለና እንደሌለ፣ ዕቃው መቼ እንደሚታዘዝ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ የአዲሱ ኢንፍሌተር የዕቃ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተተኩት አንዳንዶቹ ያው አሞኒየም ናይትሬት ስለነበሩ እንደገና ተጠርተዋል፤ መቼ እንደተተካና በምን እንደተተካ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዕቃው እስኪመጣ ጋቢና ሰው አላስቀምጥም ነበር። ሶኬቱን በራስ መንቀል አይመከርም፤ መብራቱ በቋሚነት ይበራና ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ብልሽት ይሸፈናል።

የመስኮት ስዊቹ ርካሽ ነው፣ ግን ቸል አይባልም። በኦክቶበር 2012 ወደ 7.4 ሚሊዮን መኪኖች የተጠሩት የሹፌሩ በር ስዊች ውስጥ ግሪሱ ወጥ ሆኖ ስላልተቀባ ነው። ስዊቹ ሲጫኑት ይሻክራል፣ ይሞቃል፣ ሊጨስም ይችላል። እኛ ጋ ስዊች ሲከብድ የሚደረገው ስፕሬይ ዘይት መንፋት ነው፤ ቶዮታ በጥሪው ላይ ያስጠነቀቀው ደግሞ ይህንኑ ነው፣ ከገበያ የተገዛ ቅባት ስዊቹን ሊያቀልጠውና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። መፍትሔው ሙቀት የሚቋቋም የፍሎሪን ግሪስ ነው። ቀደም ሲል ስፕሬይ የተነፋበትን ስዊች ግን ግሪስ አላስቀባም፣ እቀይረዋለሁ።

የወንበር ሐዲዱም በ2014ቱ ጥሪ ውስጥ ነው፤ የማስተካከያው ስፕሪንግ ከተሰበረ ወንበሩ ቦታው ላይ አይቆለፍም። ሞተር ሳታስነሡ፣ እግር ወለል ላይ ተክሎ በጀርባ ወደ ኋላ መግፋት ነው። አንዲት ጥርስ እንኳ ከተንሸራተተ ሐዲዱ ይፈታል።