ከሰል አጠገብ የምትውል ነፍሰ ጡር

በባሕር ዳር የሥራ ቦታ አየር ነፍሰ ጡሮችን ስለሚጎዳበት ሁኔታ ሲነሳ ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምናስበው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን ነው። የጥጥ ብናኝ ሳንባን እንደሚጎዳ ከታወቀ የቆየ በመሆኑ ሥጋቱ ተገቢ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛዋ ግን ቢያንስ በወረቀት ላይ የሚጠብቃት ሕግ አላት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ ሥራው ለጤንነቷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠም ወደ ሌላ የሥራ ቦታ እንድትዛወር ያዛል። በሐይቁ ዳርና በየመንገዱ ጀበና ቡና እየሸጠች የምትተዳደረው ሴት ግን አሠሪዋም ሠራተኛዋም ራሷ ስለሆነች፣ ሐኪም ቢጽፍላት እንኳ ወረቀቱን የምታሳየው ሰው የላትም። በአዋላጅነት ሥራዬ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእርሷ ጉዳይ ነው።

ከሰል እንደ እንጨት ስለማይጨስ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ከአዊ ዞን የሚመጣው፣ ደከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚሠራው ከሰል በደንብ ከተያያዘ በኋላ ዓይን እምብዛም አያቃጥልም፤ «የእኔ እንኳ አይጨስም» የሚል መልስ ደጋግሜ የምሰማውም ለዚህ ነው። ይሁንና ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላም መውጣቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ሲሆን፣ በእንግዴ ልጁ በኩልም ወደ ፅንሱ ያልፋል። እናቲቱ ንጹሕ አየር ስታገኝ ከደሟ ቀድሞ ይወጣል፤ ከፅንሱ ደም የሚወጣው ግን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ እርሷ «ራስ ምታቱ ለቀቀኝ» በምትልበት ሰዓት ፅንሱ ገና ኦክስጅን አጥሮት ሊሆን ይችላል። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ቀድሞውንም እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ጠረፍ ከተማ ከሚገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ደም ማነስ ሲጨመርበት ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

የከሰልና የእንጨት ጭስ ሕፃኑ ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ፣ ያለጊዜው ወይም ሞቶ የመወለዱን ዕድል እንደሚጨምር በብዙ አገሮች ተጠንቷል። እርግጥ አንድ ቀጭን ሕፃን ተይዞ «ይህ የከሰል ውጤት ነው» ማለት አይቻልም፤ በጣና ዙሪያ ወባም አለ፣ የምግብ እጥረትም አለ።

ቡና ሻጮቹ በበጋ ሜዳ ላይ ስለሚቀመጡ የሐይቁ ነፋስ ይረዳቸዋል። አደጋው የሚከፋው በክረምት፣ ዝናቡን ለመከላከል ሸራው በሦስትና በአራት በኩል ወደ መሬት ሲወርድ ነው። ማስክም ሆነ በነጠላ አፍንጫን መሸፈን ጋዙን አያግድም። የሚጠቅመው ሸራውን ፊት ለፊት በሆኑ ሁለት ጎኖች ከፍቶ ነፋስ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ምድጃውን ነፋሱ ወደሚወጣበት ጎን ማስቀመጥ፣ ከሰሉን ደጅ ማያያዝና ለማቀጣጠያ ፌስታል አለመጠቀም ነው። መብራት ባለበት ቦታ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሁሉም ይሻላል፤ ወጪውና የመብራቱ መቆራረጥ ግን እንደሚያስቸግራቸው አውቃለሁ።

ከወሊድ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም። በአዋጁ የሚተዳደሩት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲኖራቸው፣ ከቡና ሻጮቹ አንዳንዶቹ ክርስትና ሳይደርስ ሕፃኑን አዝለው ወደ ምድጃው ይመለሳሉ። አዲስ የተወለደ ሕፃን በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ስለሚተነፍስ፣ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ከእናቱ የበለጠ አየር ያስገባል። ቤት የምትቆየው አራስም ብትሆን ብርድ እንዳይመታት ተብሎ መስኮት ተዘግቶ፣ ከሰል ተያይዞ፣ ዕጣን ሲጨስባት ይውላል። ጠያቂ ዘመዶች በዚህ ምክሬ ቅር ይሰኛሉ፤ እኔ ግን ሙቀቱን በብርድ ልብስ እንዲያደርጉትና በተለይ ሌሊት ከሰል ይዘው እንዳይተኙ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ለክትትል የምትመጣን ነፍሰ ጡር ሥራዋን ስንጠይቃት «የግል» ትለናለች፤ እኛም ያንኑ ጽፈን እናልፋለን። አሁን ግን ምን እንደምታነድ፣ ስንት ሰዓት አጠገቡ እንደምትቀመጥና ቦታው በስንት በኩል ክፍት እንደሆነ ጠይቄ፣ መልሷን ከደም ምርመራው ውጤት ጎን እጽፋለሁ።